የመኪናችን አንቀጽ 17

በቴሌግራም የመኪና ገበያ ትንሽ የዞረ ሰው የማያጣት አንዲት ቃል አለች፦ «ነዳጅ ቆጣቢ»። ራቭ ፎር ትሁን ቪታራ፣ ቱሳን ትሁን ፕራዶ፣ ነዳጅ የማትቆጥብ መኪና በዚያ ገበያ የለችም። ደፈር ያለ ሻጭ ደግሞ ቁጥር ይጨምርበታል፦ «በሊትር 14 ትሄዳለች»። ዋጋ በውስጥ መስመር።

ከስር ኮሜንት የሚጽፈው ሁሉ «የመጨረሻ ስንት?» ይላል እንጂ «14 የት?» ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ከቦሌ ሳሪስ ነው? ወይስ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለውን ዳገት ይዛ? ሹፌሩ ብቻውን ሆኖ ነው? ወይስ አምስት ሰው፣ አንድ ኩንታል ጤፍና ፖርቶ መጋላ ላይ የታሰረ ሻንጣ ጭና? ማን ለካው? በምን ለካው?

እዚህ አገር የቤተሰብ መኪና አንድ ሰው በደመወዙ ብቻ የሚገዛው ዕቃ አይደለም። አባት ዓመታት ቆጥቦ፣ ታላቅ እህት ከጅዳ ልካ፣ ወንድም ተበድሮ ነው የሚገዛው። መኪናዋ ከተገዛች በኋላ ደግሞ በየሳምንቱ የሚከፈል ሁለተኛ ዋጋ አላት፤ እሱም ነዳጅ ነው። ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. በሊትር 100 ብርን ተሻገረ፤ ከዚያ ወዲህም ደጋግሞ ጨምሯል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. የጀመረው የታለመ የነዳጅ ድጎማም የታሰበው ለሕዝብ ማመላለሻ እንጂ ለቤት መኪና አልነበረም። ስለዚህ ያቺ «14» የምትባል ቁጥር ውሸት ከሆነች ልዩነቱን የሚከፍለው ቤተሰቡ ነው።

ይሄን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ውጫሌ ትዝ ትለኛለች። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ ሐይቅን አልፋችሁ የምታገኟት የአምባሰል ወረዳ ከተማ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያው አምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ ውል ተፈራረሙ። የአንቀጽ 17ን ነገር ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ከፈለጉ በኢጣሊያ በኩል መጠቀም እንደሚችሉ ይናገራል፤ ጣሊያንኛው ግን የግድ በኢጣሊያ በኩል ያደርገዋል። አንድ ወረቀት፣ አንድ አንቀጽ፣ ሁለት ትርጉም። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱት፤ በ1888 ዓ.ም. ደግሞ አድዋ ሆነ።

አድዋን ከቤንዚን ጋር አስተካክዬ ታሪኩን ላሳንስ አይደለም። ግን የመኪና ነዳጅ ፍጆታም የራሱ አንቀጽ 17 አለው። ቁጥሩ በየትኛው «ቋንቋ» እንደተጻፈ ካላወቃችሁ የተስማማችሁት ሌላ፣ የምትከፍሉት ሌላ ይሆናል።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚወለድ እንይ። አምራቹ መኪናዋን መንገድ ላይ አያወጣትም። ላቦራቶሪ ውስጥ ጎማዎቿን በሚሽከረከር ሮለር ላይ ያቆማታል፤ መኪናዋ ትሮጣለች፣ ግን ከቦታዋ አትነቃነቅም። ፍጥነቱ በየሰከንዱ አስቀድሞ የተጻፈ ነው። ዳገት የለም፣ ጉድጓድ የለም፣ ከብት አይገባም። አውሮፓ ለረጅም ዓመታት ትጠቀምበት የነበረው ኤን ኢ ዲ ሲ የተባለው ፈተና በጠቅላላው 20 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ 11 ኪሎ ሜትር ጉዞ ነበር፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ገደማ። የጃፓኑ የድሮ ፈተና፣ 10-15 ሞድ የሚባለው፣ ከዚያም የባሰ ለስላሳ ነው፤ ከ70 አያልፍም። አሁን በእኛ መንገድ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ያገለገሉ መኪኖች የተመረቱት በነዚህ ፈተናዎች ዘመን ነው። ሻጩ ከኢንተርኔት ቀድቶ የሚለጥፈው ቁጥርም ብዙ ጊዜ የዚያ ዘመን ቁጥር ነው።

የወረቀቱና የመንገዱ ልዩነት ምን ያህል ነው? ዓለም አቀፉ የንጹሕ ትራንስፖርት ምክር ቤት በአውሮፓ የሺዎችን አሽከርካሪዎች መረጃ ሰብስቦ አወዳድሮታል። እ.ኤ.አ. በ2001 የመንገዱ ፍጆታ ከወረቀቱ በ9 በመቶ ይበልጥ ነበር። በ2015 ልዩነቱ 42 በመቶ ደረሰ። በእነዚያ 14 ዓመታት መኪኖቹ ከመንገዱ ይልቅ ለፈተናው ይበልጥ እየተዘጋጁ መጡ ማለት ነው፤ ልክ ማትሪክ ለማለፍ ብቻ እንደሚያጠና ተማሪ። አውሮፓ ይሄን አይታ ፈተናውን ቀየረች። ደብሊው ኤል ቲ ፒ የተባለው አዲሱ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2017 ጀምሮ በ2018 በሁሉም አዲስ መኪኖች ላይ ተፈጻሚ ሆነ፤ 30 ደቂቃ፣ 23 ኪሎ ሜትር፣ እስከ 131 ኪሎ ሜትር ፍጥነት። እሱም ቢሆን ሮለር ላይ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በመጋቢት 2024 (በእነሱ አቆጣጠር) ይፋ ባደረገው ዘገባ፣ በ2021 የተመዘገቡ የቤንዚን መኪኖች ከአዲሱ ቁጥር እንኳ በ24 በመቶ ያህል፣ ናፍጣዎቹ በ18 በመቶ ያህል የበለጠ እንደሚጠጡ አሳይቷል። መረጃው የተወሰደው ከራሳቸው ከመኪኖቹ ውስጥ ካለው መቆጣጠሪያ ነው፤ ሹፌሩ አጋነነ አይባልም።

ይሄ ሁሉ ታዲያ ማንም ሳያጭበረብር የሚፈጠር ነው። ያጭበረበሩም አሉ። ሚትሱቢሺ እ.ኤ.አ. በ2016 የ625 ሺህ ትንንሽ መኪኖችን የነዳጅ መረጃ ማዛባቱን አመነ፤ የተወሰኑትን በራሱ ስም ይሸጥ የነበረው ኒሳን ነው ለክቶ የደረሰበት። ሂዩንዳይና ኪያ ደግሞ በአሜሪካ ፍጆታን አሳንሰው በማስነገራቸው በ2014 የ100 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማሙ። ሁለቱም ጋ ጉዳዩ የወጣው የሚለካ አካል ስለነበረ ነው።

አሁን መኪናዋን ከሮለሩ እናውርዳትና ወደ ወሎ እንንዳት።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት። ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ። ጣርማበር ላይ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻ ጋ ስትደርሱ ከ3,000 ታልፋላችሁ። ከዚያ ደብረ ሲናን ይዛችሁ ቁልቁል ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ ትወርዳላችሁ። ኮምቦልቻ እንደገና 1,850፣ ደሴ 2,500። ከዚያ ወደ ሐይቅ ወርዳችሁ፣ ሐይቅን አልፋችሁ ውጫሌ። ይሄ መንገድ ከላይ እስከ ታች መሰላል ነው።

መሰላል ነዳጅ ይበላል፤ ስንት እንደሚበላ ደግሞ በሃይስኩል ፊዚክስ ይሰላል። ከነተሳፋሪዋና ዕቃዋ ሁለት ቶን የምትመዝን መኪና 1,000 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት ወደ 20 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሚሊዮን ጁል ያህል ይዟል፤ ግን ሞተር ከዚያ ውስጥ ወደ ጎማ የሚያደርሰው ከሩብ ብዙም አይበልጥም፣ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ስለዚህ በየ1,000 ሜትሩ ዳገት ከ2 ሊትር በላይ ይሄዳል፤ ያውም በሜዳ መንገድ ከምትበላው ላይ ተጨምሮ። ስትመለሱ ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማበር ያለው አቀበት ብቻውን ወደ 4 ሊትር ተጨማሪ ቤንዚን ይጠይቃል። ይሄን ደግሞ የትኛውም ላቦራቶሪ አልለካውም።

ስንወርድ ይመለስልናል የሚል ካለ፣ ግማሽ እውነት ነው። እዚህ ላይ አንድ የቆየ ልማድ መንካት አለብኝ። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ፍሪ አድርጎ መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉ ሹፌሮች አሁንም ብዙ ናቸው። በድሮ ካርቡሬተር ሊሆን ይችላል። አሁን ባሉት ኢንጀክሽን መኪኖች ግን ተቃራኒው ነው፦ ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ ነዳጅ መስጫውን ስትለቁ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ፍሪ ስታደርጉት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መጠጣት አለበት። በዚያ ላይ ፍሬኑ ብቻውን ቀርቶ ይግላል፤ ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ምን እንደሚሆን ለወሎ መንገደኛ መንገር አያስፈልግም። ነዳጅ ላይጠቅም ሕይወት የሚያስይዝ ቁጠባ!

ሌላው ሌላው በአጭሩ። በሰዓት 80 የሚነዳና 110 የሚነዳ ሰው የሚገፋው የአየር ግፊት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ፖርቶ መጋላ ዕቃ ባይጫንበትም አየር ይገፋል፤ ለመስከረም 21 ወደ ግሸን የሄደችበት ፖርቶ መጋላ እስከ ጥምቀት ካልተፈታ ቤተሰቡ ለአየር እየከፈለ ነው። ንፋሱ የቀነሰ ጎማም እንዲሁ፤ ጎሚስታ ጋ አምስት ደቂቃ መቆም ነው መፍትሔው። ኬላ ላይ ሞተር ሳያጠፉ መሰለፍ በሰዓት አንድ ሊትር አካባቢ ያስወጣል፤ አንድም ሜትር ሳትሄዱ። ከሁሉም በላይ ግን እግር አለ። ልጅየው ሲነዳት 9፣ አባትየው ሲነዷት 11 የምትሄድ መኪና ያለችበት ቤት ሁላችንም እናውቃለን፤ ልጅየው «መኪናዋ ናት» ይላል።

ወደ ብር እንቀይረው። ከውጫሌ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማስታወቂያው «14» ካለ ጉዞው 64 ሊትር ይፈልጋል። መኪናዋ ሞልታ፣ በዚህ መንገድ፣ 9 ከሄደች ደግሞ 100 ሊትር። ሊትሩን በ120 ብር ያዙት፤ ልዩነቱ ከ4,000 ብር ይበልጣል፣ በአንድ ጉዞ። ማደያ ላይ ቤንዚን ጠፍቶ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተቀዳ ከተገዛ ደግሞ ሒሳቡን እናንተው ጨርሱት።

«በሊትር ስንት» የሚለው አጠያየቃችን ራሱም ያታልለናል። አንዷ መኪና ከ6 ወደ 8፣ ሌላዋ ከ14 ወደ 20 ተሻሻለች እንበል። የትኛዋ ብዙ ነዳጅ አተረፈች? ዓይን ወደ ሁለተኛዋ ይሄዳል፤ 6 ኪሎ ሜትር ጨምራለቻ። በ100 ኪሎ ሜትር ስታሰሉት ግን የመጀመሪያዋ ከ16.7 ወደ 12.5 ሊትር ወረደች፣ 4 ሊትር አተረፈች። ሁለተኛዋ ከ7.1 ወደ 5፣ 2 ሊትር ብቻ። ስለዚህ ትልቅ መኪና ያለው ሰው የጎማ ንፋስና የአነዳድ ነገር ይበልጥ የሚመለከተው እሱን ነው። «በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር?» ብለን መጠየቅ ብንለምድ ደግሞ ብዙ ነገር ቁልጭ ይል ነበር።

«ይሄ ሁሉ የቤንዚን ጣጣ ነው፣ እኛ ኤሌክትሪክ እንገዛለን» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታውቋል። ወደፊት ቤተሰብ የሚገዛት አዲስ መኪና ኤሌክትሪክ ናት። ግን አንቀጽ 17 እዚያም ተከትሎን ገብቷል፤ እንዲያውም በጣም ጥርት ብሎ የሚታየው እዚያ ነው። የቢዋይዲዋን ዩዋን ፕላስ ውሰዱ። 60.48 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያላት ሞዴል በቻይና አንዴ ተሞልታ 510 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተብሎ ይሸጣል። ያችው መኪና፣ ከነባትሪዋ፣ አቶ 3 ተብላ አውሮፓ ስትገባ ቁጥሯ 420 ነው። ማንም አልዋሸም። የቻይናው ሲ ኤል ቲ ሲ የተባለው ፈተና አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ነው፤ የአውሮፓው ደግሞ 46 ተኩል። አንዱ ውል በቻይንኛ፣ አንዱ በአውሮፓኛ ተጽፏል፤ እኛ ጋ የሚለጠፈው ደግሞ ሁልጊዜ ትልቁ ነው።

ከአዲስ አበባ ደሴ 401 ኪሎ ሜትር ነው። 510ን ያመነ ሰው ቁርሱን በልቶ ይነሳል፤ ገና መቶ ኪሎ ሜትር ይተርፈኛል ብሎ። 420ን የያዘና ባትሪው 10 በመቶ ሳይደርስ ልቁም የሚል ሰው ግን 378 ላይ ማቆም አለበት፤ ደሴ ሳይገባ፣ ምናልባትም የመጨረሻው ዳገት ስር። ፍትሐዊ ለመሆን፣ በ60 እና በ70 ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ከ420 ሊያልፍም ይችላል፤ ኤሌክትሪክ መኪና በዝግታ ይወዳል፣ ቁልቁለት ላይም ከጉልበቷ የተወሰነውን ወደ ባትሪ ትመልሳለች፣ የአውሮፓን ባትሪ የሚያዳክመው ብርድም እኛ ጋ የለም። ግን ይሄን ማወቅ ያለበት ሰው ከመግዛቱ በፊት እንጂ ኮምቦልቻ ላይ አይደለም።

ምን ይደረግ? እጃችሁ ላይ ካለው ስልክ እንጀምር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ ዲጂታል ስለሆነ የቀዳችሁበት ቀንና የከፈላችሁት ብር ስልካችሁ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ብሩን በዕለቱ የሊትር ዋጋ ስታካፍሉ ሊትሩ ይወጣል። የሚቀረው ኪሎ ሜትሩ ነው፤ በቀዳችሁ ቁጥር ዳሽቦርዱን ፎቶ አንሱት፣ በቃ። አንዴ ፉል አስሞሉ፣ ንዱ፣ እንደገና ፉል አስሞሉ፤ ሁለተኛው ጊዜ የገባው ሊትር በመካከል የተነዳው ኪሎ ሜትር የበላው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም፤ ቢያንስ አራት አምስት ጊዜ፣ ከተማውን ለብቻ፣ የክፍለ ሀገሩን ለብቻ። ዳሽቦርዱ ራሱ የሚያሳየውን አማካይ ፍጆታ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አትመኑት፤ ብዙ ጊዜ በጥቂት በመቶ ለባለቤቱ ያደላል።

የገዢ ልኬት ግን ከግዢ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ችግሩም እሱ ነው። ስለዚህ ሌሎችም ድርሻ አላቸው። አስመጪውም ሆነ በቴሌግራም የሚሸጠው ቁጥር ከጻፈ የፈተናውን ስም አብሮ እንዲጽፍ መገደድ አለበት፦ 510 በቻይና ፈተና፣ 420 በአውሮፓ ፈተና። ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፣ አንድ መመሪያ ይበቃል። ሚኒስቴሩ ምን ዓይነት መኪና ይግባ ብሎ መወሰን ከቻለ፣ የገባችው መኪና ምን እንደምትበላ በምን ቋንቋ ይነገር ብሎ መወሰን አያቅተውም። አንዳንድ አስመጪዎች «ገዢው ቁጥር ሲበዛበት ይደናገራል» ሊሉ ይችላሉ። አሁን በአንድ ቁጥር እየተደናገረ ነው እኮ!

ከዚያ ቀጥሎ የእኛው ቁጥር ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተቀመጠው በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው፤ ከበሩ ሲወጡ ወደ ደሴ የሚወስደው ዳገት አለ፣ ከደሴ ወዲያ ሐይቅና ውጫሌ። አሥር በብዛት የሚነዱ የቤተሰብ መኪኖችን መርጦ፣ አምስት ሰው ጭኖ፣ ከኮምቦልቻ ውጫሌ ደርሶ መልስ ሦስት ሦስት ጊዜ መንዳትና ውጤቱን በአንድ ገጽ ማውጣት ለመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይወጣዋል። ወጪው ነዳጅና ቻርጅ ነው። ገጹ ላይ የመኪናዋ ስም፣ የተመረተችበት ዓመት፣ የተጫነው ክብደትና በ100 ኪሎ ሜትር የበላችው ሊትር ወይም ኪሎዋት ሰዓት ይኑር፤ የቴሌግራም ቻናሎቹ በአንድ ቀን ያዳርሱታል።